መዝሙረ ዳዊትን በጉባኤ በአንድነት ማንበብ፦ ለንባብ መሪዎች ዝርዝር መመሪያ

«ሁላችን በአንድነት እናንብብ» ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር ደህና ይወጣል። ሁለተኛው ላይ ፊት የተቀመጡት ይቀድማሉ። ሦስተኛው ላይ ኋላ ያሉት አንድ ቃል ይዘገያሉ። አራተኛው ላይ መድረክ ላይ ያለው ሰው በማይክ ብቻውን ያነባል፤ ጉባኤው ከንፈሩን እያነቃነቀ ይሰማዋል። ይህ የሚሆነው ምእመናን ማንበብ ስለማይችሉ አይደለም። ሰው ሁሉ በእጁ የያዘው ጽሑፍ አንድ ስላልሆነ፣ የት እንደሚተነፍስ ስላልተነገረውና መሪው ብቻውን የሚያነብበትን ፍጥነት ለመቶ ሰው ስለሚጠቀምበት ነው። ሦስቱም ከእሑድ በፊት የሚስተካከሉ ናቸው።

ድምፅ አውጥቶ ማንበብ የእምነታችን የቆየ ልማድ ነው። በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ፊልጶስ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ ሲሮጥ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ሰማው ይላል። ሰውየው በልቡ ቢያነብ ኖሮ ፊልጶስ ምኑን ይሰማ ነበር? በነህምያ 8 ላይ ዕዝራ ከማለዳ እስከ ቀትር ሲያነብ ሕዝቡ ቆሞ ሰምቷል፤ እጁን አንሥቶም «አሜን፥ አሜን» ብሏል። በዘዳግም 27 ላይ ደግሞ ሌዋውያን አሥራ ሁለት ጊዜ ይናገራሉ፣ ሕዝቡም አሥራ ሁለት ጊዜ አሜን ይላል። የሕዝቡ ድምፅ የንባቡ አንድ ክፍል ነው፤ ስለዚህ እንደ መዝሙሩ ሁሉ ዝግጅት ይገባዋል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በአማርኛ ለሚያመልኩ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትና ኅብረቶች ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ምንባባት በግጻዌ (የየዕለቱን ምንባብ በሚመድበው መጽሐፍ) የተሠሩ ናቸው፤ ማን ምን እንደሚያነብም ሥርዓቱ ወስኖታል። ቢሆንም ከዚያ የሚቀሰም አንድ ነገር አለ። ከወንጌል በፊት ዲያቆኑ ምስባኩን ያሰማል፣ ሕዝቡም ይቀበለዋል። ቃሉ ከዳዊት የተወሰደ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ስንኝ ብቻ ነው። አጭር ስለሆነ፣ አስቀድሞ ስለተሰማና በዜማ ስለሚሄድ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ አይሳሳትበትም። ከታች የተዘረዘረው ሁሉ ይህንኑ ለማግኘት ነው፤ አጭር መስመር፣ አስቀድሞ የተሰማ ቃል፣ የታወቀ ትንፋሽ።

1. ምንባቡን ከአነባበቡ ጋር ማስማማት

ሁሉም ምንባብ በአንድ ድምፅ አይነበብም። ለኅብረት ንባብ የሚመቹት አጫጭር ሐረግ ያላቸው፣ በ«እኔ» ወይም በ«እኛ» የሚናገሩ ምንባቦች ናቸው፤ መዝሙር 23፣ 100፣ 121፣ የጌታ ጸሎት። ከስድስት እስከ አሥር ቁጥር በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ ጉባኤው ይደክማል፤ ድምፁም ከቁጥር ወደ ቁጥር እየወረደ ይሄዳል። መዝሙር 119ን ለማንበብ ካሰባችሁ 176 ቁጥር እንዳለው አስታውሱ። መዝሙሩ ስምንት ስምንት ቁጥር ባላቸው 22 ክፍሎች የተዋቀረ ስለሆነ አንዱን ክፍል ብቻ ውሰዱ።

በመሪና በጉባኤ ተቀባብሎ ማንበብ ለረጅም መዝሙር ይሻላል፤ ሃያ ቁጥር ድረስ ያለ ችግር ይዘለቃል። ጥያቄና መልስ ያለበት ምንባብ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ያምራል። መዝሙር 24 ላይ «ይህ የክብር ንጉሥ ማን ነው?» የሚለውን ግማሹ ጉባኤ ጠይቆ ግማሹ ሲመልስ አዳራሹ በር ላይ የቆመ ይመስላል። ጉባኤውን ለሁለት ስትከፍሉ በመቀመጫ፣ ግራና ቀኝ ብላችሁ ክፈሉ። ወንድና ሴት ብሎ መክፈልም ይቻላል፤ ግን በብዙ ጉባኤ ሴቶች ይበዛሉ፣ የወንዶቹ ድምፅ ያንሳል፣ ምልልሱም ይዛነፋል።

አዝማች ያለው መዝሙር ከሁሉ ይቀላል። መዝሙር 136 በ26ቱም ቁጥሮች መጨረሻ ላይ ያንኑ ቃል ይደግማል። መዝሙር 107ም አዝማቹን በቁጥር 8፣ 15፣ 21 እና 31 ላይ ይመልሳል።

ታሪክ፣ የትውልድ ሐረግና የጳውሎስ ረጅም ዓረፍተ ነገር ግን ለአንድ አንባቢ ይተዉ። ኤፌሶን 1፥3–14 በግሪኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በአማርኛ ቢቆራረጥም ሐሳቡ ከመስመር መስመር ይያያዛል። መቶ ሰው በአንድ ድምፅ ሲያነበው ቃሉ ይሰማል፣ ሐሳቡ ግን ይጠፋል። በእንዲህ ያለ ቦታ አንዱ ጥሩ አድርጎ አንብቦ ሁሉ ማዳመጡ ራሱ በአንድነት ማንበብ ነው። ራእይ 1፥3 ብፁዓን ያላቸውም የሚያነበውን አንዱንና የሚሰሙትን ብዙዎቹን ነው።

2. አንድ ትርጉም፣ አንድ ቁጥር

በአንድ ጉባኤ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ትርጉም ይኖራል፤ በተለምዶ «የ1954ቱ» የሚባለውና አዲሱ መደበኛ ትርጉም። መዝሙር 23ን ሳታሳውቁ ብታስጀምሩ ገና ከመጀመሪያው ቁጥር ግማሹ «የሚያሳጣኝም የለም» ሲል ግማሹ «አንዳች አይጐድልብኝም» ይላል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወገኖች አይገናኙም። ስለዚህ ጽሑፉን እናንተ አዘጋጁ፣ በወረቀት ወይም በስክሪን። «መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ግለጡ» ብሎ በአንድ ድምፅ ማስነበብ የሚቻለው ሁሉም ሰው አንድ እትም ከያዘ ብቻ ነው።

የትኛው ትርጉም ይመረጥ? ለኅብረት ንባብ የ1954ቱ ይመረጣል። ብዙ ሰው በልቡ የያዘው እሱን ስለሆነ ዓይን ቢዘገይ እንኳ አፍ ይቀጥላል። ወጣቶች ለሚበዙበት ጉባኤ ወይም ጠንከር ላለ የነቢያት ምንባብ አዲሱ ትርጉም ቶሎ ይገባል። ያም ሆነ ይህ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ አትቀላቅሉ።

ሁለተኛው እንቅፋት የመዝሙራት ቁጥር ነው። የሰባ ሊቃናትን (የጥንቱን የግሪክ ትርጉም) ቁጥር በሚከተል እትም «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው መዝሙር 22 ነው፤ የዕብራይስጡን ቁጥር በሚከተለው 23። ልዩነቱ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ ከ1 እስከ 8 አንድ ናቸው። የዕብራይስጡ 9ና 10 በሰባ ሊቃናት አንድ መዝሙር ስለሆኑ ከ11 እስከ 113 ያለው በአንድ ይቀንሳል። 114ና 115 እንደገና ተጋጥመው 113 ይሆናሉ፤ 116 ለሁለት ይከፈላል። ከ117 እስከ 146 አሁንም በአንድ ይቀንሳል፤ 147 ለሁለት ሲከፈል ቁጥሩ ይስተካከልና 148፣ 149፣ 150 በሁለቱም አንድ ይሆናሉ። በአንዳንድ እትም ደግሞ «የዳዊት መዝሙር» የሚለው አርእስት ራሱ ቁጥር ስለሚሰጠው የቁጥሮቹ ተራ በአንድ ይዛነፋል። ከመድረክ ስታሳውቁ ቁጥሩን ብቻ አትናገሩ፤ የመጀመሪያውን ሐረግም ጨምሩ፤ «መዝሙር 23፣ እግዚአብሔር እረኛዬ ነው የሚለው»።

3. ወረቀቱን በትንፋሽ መጻፍ

ሥራው በአብዛኛው የሚያልቀው እዚህ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የሚታተመው ቦታ ለመቆጠብ በጠባብ ዓምድ ነው፤ መስመሩ የሚቆረጠው ዓምዱ ባለቀበት እንጂ ትንፋሽ ባለቀበት አይደለም። ለጉባኤ የሚዘጋጀው ጽሑፍ ግን አንድ መስመር አንድ ትንፋሽ እንዲሆን ተደርጎ ይጻፋል። የመዝሙር 23 የመጀመሪያ አራት ቁጥሮች እንዲህ ይቀመጣሉ፤

እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ /
የሚያሳጣኝም የለም። //
በለመለመ መስክ ያሳድረኛል፤ /
በዕረፍት ውኃ ዘንድ ይመራኛል። //
ነፍሴን መለሳት፥ /
ስለ ስሙም በጽድቅ መንገድ መራኝ። //
በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ /
አንተ ከእኔ ጋር ነህና ክፉን አልፈራም፤ /
በትርህና ምርኩዝህ እነርሱ ያጸናኑኛል። //

አንዱ እዝባር (/) በልብ «አንድ» ብሎ የሚቆጠር ዕረፍት ነው። ሁለቱ (//) ደግሞ «አንድ፣ ሁለት» የሚባልበት፣ ሁሉም ሰው አየር የሚስብበት ነው። ምልክቶቹን በመሪውና በረዳቶቹ ወረቀት ላይ ብቻ አድርጉ፤ ለጉባኤው መስመሩ ራሱ ይበቃዋል።

መስመር ስትቆርጡ የአማርኛን ጠባይ ጠብቁ። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ግሡ ሳይነገር ሐሳቡ አይዘጋም። «ክፉን» ብላችሁ መስመር ቆርጣችሁ «አልፈራም»ን ወደ ታች ብታወርዱ ጉባኤው በመካከል ተንፍሶ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ይሰብረዋል። «ስለ»፣ «ወደ»፣ «እንደ» ከሚከተላቸው ስም አይለዩ። «እንኳ» ከፊቱ ካለው ቃል ጋር ይሂድ። አንድ መስመር ከሦስት እስከ ሰባት ቃል ቢይዝ ጥሩ ነው። እንደ «ስለሚያስተውሉት» ያሉ ረጃጅም ቃላት ካሉበት አራት ቃልም ብዙ ነው።

ለወረቀት 16 ነጥብ ፊደል ተጠቀሙ፤ አረጋውያን ለሚበዙበት 20። መሪው የሚለው በቀጭን፣ ጉባኤው የሚለው በደማቅ ይጻፍ። በቀለም ብቻ አትለዩ፤ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ቀለሙ ሁሉ ጥቁር ይሆናል። ለሁለት ሰው አንድ ወረቀት ይበቃል ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ቆመው ሲያነቡ አንዱ ይዞት ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ከዚያም በላይ ለመቶ ሰው አሥር ትርፍ ይኑር።

በስክሪን ከሆነ በአንድ ስላይድ ከስድስት እስከ ስምንት መስመር፣ ከዚያ አይበልጥ። ስላይዱ የሚለወጠው ሁልጊዜ «።» ላይ ነው። በስላይድ መካከል የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር ጉባኤውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም ያሰኘዋል። ከጽሑፉ ጀርባ የተራራና የፀሐይ መጥለቂያ ሥዕል አታድርጉ፤ ደማቅ ፊደል በጨለማ መደብ ላይ ይበቃል። ስላይድ የሚቀይረው ሰው ከጉባኤው ጋር ድምፅ አውጥቶ ማንበብ አለበት፤ ሳያነብ የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ ይዘገያል። የመጨረሻው መስመር መነበብ ሲጀምር ነው የሚቀይረው።

4. የሚጠብቀውና የሚላላው

ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን አይጽፍም። አንድ ሰው ብቻውን ሲያነብ ከዐውዱ ያስተካክለዋል። መቶ ሰው ሲያነብ ግን ግማሹ አጥብቆ ግማሹ አላልቶ ከጀመረ ቃሉ ድምፅ ብቻ ይሆናል።

ከላይ ባለው መዝሙር ውስጥ ይህ በግልጽ ይታያል። ቁጥር 2 ላይ «ይመራኛል» ሲል «ራ» ይላላል። ቁጥር 3 ላይ «መራኝ» ሲል ያው «ራ» ይጠብቃል። «መለሳት» ላይ «ለ» ይጠብቃል። ቁጥር 4 ላይ ያለው ግን ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «አልፈራም» የሚለው ቃል «ራ» ሲላላ «እኔ አልፈራም» ማለት ነው፤ «ራ» ሲጠብቅ «እሱ አልፈራም፣ ሳይፈራ ቀረ» ማለት ይሆናል። በአንዲት ፊደል መጥበቅ ምክንያት ዳዊት ስለ ራሱ መናገሩን ትቶ ስለ ሌላ ሰው ማውራት ይጀምራል። በችኮላ የሚያነብ መሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ጉባኤውም ይከተለዋል።

«አለ»ም እንዲሁ ነው። በዘፍጥረት 1 ላይ እግዚአብሔር «ብርሃን ይሁን» አለ ሲል ላልቶ ይነበባል፤ ተናገረ ማለት ነው። ጠብቆ ከተነበበ «ይገኛል» ይሆናል። «ይሰማል» ላልቶ አድማጩን፣ ጠብቆ የሚደመጠውን ነገር ያመለክታል። መዝሙራት እግዚአብሔር ጸሎት ይሰማል ሲሉ ላልቶ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱ ሲዘጋጅ መሪው በእርሳስ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ አንዲት ነጥብ ያድርግ። ሁሉም ቃል ላይ አይደለም፤ ሁለት ዓይነት ሊነበብ የሚችለው ላይ ብቻ። በአንድ መዝሙር ከአምስት እስከ አሥር ነጥብ ይበቃል። አጠራጣሪ ቃል ሲያጋጥም በዕድሜ የገፉ፣ በቤተ ክህነት ወይም በቄስ ትምህርት ቤት ንባብ የተማሩ ሰዎችን ጠይቁ። ፊደል፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ የሚሄደው ትምህርት ጆሮን የሚያሠለጥነው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

የሰውና የቦታ ስሞችን ደግሞ ቀድማችሁ በክፍለ ቃል ከፋፍሏቸው። በሐዋርያት ሥራ 2፥9–11 ያሉትን አገሮች ለጉባኤ አትስጡ፤ አንድ ሰው ይለማመዳቸው፤ «ቀ-ጰ-ዶቅ-ያ»፣ «ጵን-ፍል-ያ» እያለ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ በመደበኛው ፍጥነት። ትክክለኛው አጠራር የቱ ነው ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ አንባቢው አንድ አጠራር ይዞ ሳይደናገር ይበለው። ስም ላይ የተደናቀፈ አንባቢ የሚቀጥሉትን ሁለት መስመሮች በድንጋጤ ያበላሻቸዋል፤ ጉዳቱ ከስሙ ይልቅ እዚያ ላይ ነው።

የማይነበብ ነገርም አለ። አሳታሚው የጨመረው ርእስ፣ የቁጥር ምልክትና የኅዳግ ማስታወሻ አይነበቡም። በአንዳንድ ትርጉም መዝሙራት ውስጥ የሚገኘው «ሴላ» ለጉባኤ ንባብ ከወረቀቱ ላይ ይውጣና በቦታው ረዘም ያለ ዕረፍት ይደረግ።

5. ልምምድ

ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል። መሪው፣ በአዳራሹ የተለያየ ቦታ የሚቀመጡ አራት ረዳቶችና ስላይድ ቀያሪው ይገኙ። መጀመሪያ መሪው ብቻውን ያንብብ፤ ሌሎቹ ያዳምጡ፣ አጠራጣሪ ቃላትን ይስማሙባቸው። ቀጥሎ ሁሉም በሹክሹክታ ያንብቡ። ሹክሹክታ ትንፋሽን ስለሚገልጥ የት እንደተለያያችሁ ወዲያው ይታወቃል። ከዚያ በሙሉ ድምፅ ሁለት ጊዜ። በመጨረሻ በስልክ ቀድታችሁ አዳምጡ። መዝሙር 23 በሙሉ በኅብረት ሲነበብ አንድ ደቂቃ ያህል መውሰድ አለበት። በአርባ ሰከንድ ከጨረሳችሁ ጉባኤው አይደርስባችሁም፤ ዕረፍቶቹን አክብሩ።

አራቱ ረዳቶች የሚቀመጡት ሁለቱ ከኋላ፣ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ነው። ሥራቸው ከጎናቸው ያለው ሰው በሚሰማው ልክ፣ ግልጥ ባለ ድምፅ ማንበብ ነው። አምስት ሰው አስተካክሎ ካነበበ መቶ ሰው ይከተላል። ከኳየር ሰዎች መምረጥ ይቻላል፣ ትንፋሽ መጠበቅ ስለለመዱ፤ ነገር ግን ኳየሩን በሙሉ ፊት ለፊት አቁማችሁ ካስነበባችሁ ምእመናኑ ተመልካች ይሆናሉ።

6. በዕለቱ፣ ከአትሮንሱ ፊት

ምንባቡን ሁለት ጊዜ አሳውቁ፤ መጽሐፉን፣ ምዕራፉን፣ ቁጥሩን፣ የመጀመሪያውን ሐረግ። ከዚያ ጠብቁ። ወረቀት የሚያወጣ፣ መነጽር የሚፈልግ፣ ሕፃን የሚያስተካክል አለ፤ ከሃያ እስከ ሠላሳ ሰከንድ ያስፈልጋል። ይህ ዝምታ መሪውን ያስጨንቀዋል፤ ብዙዎችም በንግግር ሊሞሉት ይሞክራሉ። አትሙሉት፤ ዓይናችሁን ወደ ጉባኤው አድርጋችሁ ቁሙ።

የሚደረገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ «ቆመን፣ መስመር በመስመር፣ በአንድ ድምፅ እናነባለን» ወይም «እኔ የመጀመሪያውን መስመር አነባለሁ፣ እናንተ በደማቅ የተጻፈውን ትመልሳላችሁ»። አቅም የሌላቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ተቀምጠው ያንብቡ ብላችሁ በግልጽ ንገሯቸው፤ ካልተነገራቸው አፍረው ይቆማሉ።

ሲጀመር «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አያስፈልግም። መሪው እጁን በደረቱ ትክክል ያንሣ፣ ጉባኤው በሚያየው መንገድ አየር ይሳብ፣ እጁን ሲያወርድ ይጀምር። የመጀመሪያው ቃል «እግዚአብሔር» ከሆነ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይደረግ። ሰባት ፊደል ያለው ይህ ስም በዕለት ንግግራችን ያጥራል፤ ግማሹ ሰው ሙሉውን ሲል ግማሹ «እግዜር» ብሎ ያልፈዋል። ቀሪው ሁሉ የሚለያየው ከዚያ ነው። መሪው እያንዳንዱን ፊደል ሙሉ አድርጎ፣ ሳይጎትት ይበለው። ስሙም ቢሆን ይህ ክብር ይገባዋል።

ማይኩ ከአፍ አንድ ጣት ርቀት ላይ ሆኖ ሁሉም ሰው በአንድ ድምፅ ሲያነብ የሚሰማው የመሪው ድምፅ ብቻ ነው። ሰው ደግሞ የራሱንና የጎረቤቱን ድምፅ ካልሰማ ያቆማል። የመጀመሪያው መስመር እንዳለቀ መሪው ማይኩን ወደ ደረቱ ያውርድ ወይም ከአትሮንሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይበል። ድምፅ ተቆጣጣሪውም ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ አለዚያ ማይኩ የተበላሸ መስሎት ድምፁን ይጨምረዋል።

ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የሚመጣው መዘግየት የማንም ጥፋት አይደለም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከመድረኩ 34 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ቃሉን ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ በኋላ ይሰማዋል። እሱ ያንን ተከትሎ ሲያነብ፣ ድምፁ ወደ መድረኩ ሲመለስ ሌላ አንድ አሥረኛ ይጨመራል። መሪው ኋላ ያሉትን እየሰማ ከጠበቃቸው ንባቡ እየተጎተተ ይሄዳል። መፍትሔው በመስመሩ መካከል አለመጠበቅ፣ በመስመሩ መጨረሻ ግን ሁሉም እስኪያርፍ መቆም ነው። የ«//» ጥቅሙ ይህ ነው፤ የተለያየው ሁሉ እዚያ ይገናኛል።

በዙም ለሚሰበሰቡ ኅብረቶች፣ በተለይ በውጭ አገር ከተማ ለከተማ ተራርቀው ለሚያመልኩ፣ በአንድ ድምፅ ማንበብ አይሠራም። የኢንተርኔቱ መዘግየት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ፕሮግራሙም ጎልቶ የተሰማውን ድምፅ ይዞ ሌላውን ይቆርጠዋል። አንድ ሰው ያንብብ፣ ከየቤቱ አንድ መልስ ሰጪ አስቀድሞ ተመርጦ በተራ ይመልስ፤ ሌላው ማይኩን ዘግቶ በቤቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ።

7. ተቀባብሎ ሲነበብ

መዝሙር 136ን እንውሰድ። መሪው «እግዚአብሔርን አመስግኑ፥ ቸር ነውና» ይላል፤ ጉባኤው ምሕረቱ ለዘላለም እንደሆነ የሚናገረውን አዝማች ይመልሳል። ለአምስት ስድስት ቁጥር ያምራል። ወደ አሥረኛው ሲደርስ ግን ጉባኤው መልሱን ስላወቀው መሪው ሳይጨርስ ይጀምራል፤ መሪውም ለመቅደም ይፈጥናል፤ ሃያኛው ላይ እሽቅድምድም ይሆናል። ይህን የሚያስቆመው መሪው የመጨረሻ ቃሉን ሳይውጥ አሳርፎ ቀና ብሎ ጉባኤውን ማየቱ ነው። ቀና ማለት «የእናንተ ተራ ነው» የሚል ምልክት ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረገው ሰዉ ይለምደዋል።

ድካሙን ለመቀነስ አንባቢ ቀያይሩ። ከ1 እስከ 9 ጥሪውና ፍጥረት ነው፤ ከ10 እስከ 16 ከግብፅ መውጣትና ምድረ በዳ፤ ከ17 እስከ 22 ነገሥታቱና ርስቱ፤ ከ23 እስከ 26 እኛን ማሰቡና ማጠቃለያው። አራት ድምፅ፣ አንድ አዝማች። አንባቢዎቹ ከመቀመጫቸው ሆነው ቢያነቡ ወደ መድረክ መመላለሱ ይቀራል፤ ተንቀሳቃሽ ማይክ ካለ አስቀድሞ በእጃቸው ይሁን።

መሪው የጉባኤውን መልስ በማይክ አያንብብ። ይህ ስሕተት ከሁሉም የተለመደ ነው፤ ቅንነት ቢሆንም ጉባኤውን ዝም ያሰኘዋል።

8. ማንበብ ለማይችሉ

በእያንዳንዱ ጉባኤ ዓይናቸው የደከመ፣ ፊደል ያልተማሩ፣ ገና ያልደረሱ ልጆች አሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ አማርኛ እየሰሙ ያደጉ፣ ፊደል ግን የማያነቡ ወጣቶች አሏቸው። ለእነዚህ ሁሉ አዝማቹ መግቢያ በራቸው ነው። ከንባቡ በፊት አዝማቹን ብቻ ሦስት ጊዜ አስደግሙ፤ መሪ፣ ጉባኤ፣ መሪ፣ ጉባኤ። ከአሥር ቃል ካልበለጠ ሁሉም ይይዘዋል።

ለወጣቶቹ በላቲን ፊደል ጽፎ መስጠት ይቻላል። ከተጻፈ ግን የሚጠብቀው ድምፅ ሁልጊዜ በድርብ ፊደል ይጻፍ፤ በዚህ በኩል እንዲያውም ከእኛ ፊደል የተሻለ ይረዳል። ሆኖም ከጎኑ የአማርኛውን ፊደል መስመር ለመስመር አስቀምጡ። ተመሳሳዩ መዝሙር ለአራት እሑድ ከተነበበ ብዙዎቹ ዓይናቸውን ወደ ፊደሉ ማሻገር ይጀምራሉ።

ማየት ለተሳናቸው ምእመናን ልምምድ ላይ የተቀዳውን ድምፅ ሐሙስ ወይም ዓርብ ላኩላቸው፤ በልባቸው ይዘውት ይመጣሉ፣ ብዙውን ጊዜም ከሁሉ አስተካክለው የሚያነቡት እነሱ ናቸው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ካለም ጽሑፉ ቀድሞ ይድረሰው።

9. ሲበላሽ

ድምፁ ከተበታተነ መሪው ጉባኤውን ለመያዝ አይሩጥ፣ ድምፁንም አይጨምር። የሚቀጥለው «።» ላይ ሙሉ በሙሉ ያቁም፤ ሁሉም ዝም እስኪል ይጠብቅ፤ «ቁጥር አራት» ብሎ እንደገና በትንፋሽ ያስጀምር። ሦስት ሰከንድ ይወስዳል።

መሪው ቃል ከተሳሳተና ትርጉሙ ካልተለወጠ ይቀጥል። ከተለወጠ መስመሩን ከመጀመሪያው ይድገመው፤ ይቅርታ መጠየቅ፣ መሳቅና ማብራራት አያስፈልግም። ስላይዱ ከቆመ መሪው ከወረቀቱ አንድ አንድ መስመር እያለ ጉባኤው ይድገምለት። ለዚህ ነው ፕሮጀክተር ቢኖርም አትሮንሱ ላይ ሁልጊዜ ወረቀት የሚቀመጠው። ስልክ ወረቀትን አይተካም፤ ማያው ይጠፋል፣ መልእክት ይገባል፣ ጣት ሲነካው ወደ ሌላ ምዕራፍ ይሄዳል።

ኪቦርድ ተጫዋቹ በንባቡ ሥር ዜማ እንዲያሰማ አታድርጉ። የሙዚቃው ምት ከንባቡ ትንፋሽ ጋር አይገጥምም፤ ጉባኤውም ሳያውቀው ወደ ሙዚቃው ይሳባል።

10. ካለቀ በኋላ

የመጨረሻው ቃል ከተነበበ በኋላ ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ ዝም በሉ። «አሜን» የሚባል ከሆነ ከዝምታው በኋላ ይሁን። አምልኮ መሪው ወዲያው «እልል በሉ!» ካለ የተነበበው ከጆሮ ሳይወርድ ይጠፋል፤ ስለዚህ ይህን ዝምታ አስቀድማችሁ በፕሮግራሙ ላይ ጻፉለት።

ወረቀቶቹን ሰብስቡ፤ በደረቅ ቦታ ከተቀመጡ ብዙ ጊዜ ያገለግላሉ። መሪው ቤቱ ሳይገባ በራሱ ወረቀት ላይ ጉባኤው የተለያየበትን መስመር ያስምርበት፤ ከኋላ የተቀመጡትን ሁለት ረዳቶችም ምን እንደሰሙ ይጠይቃቸው። መስመሩ ረዝሞ ከሆነ ለሁለት ይቆረጥ፤ ቃሉ አሻሚ ከሆነ ነጥብ ይደረግበት። የተስተካከለው ወረቀት ከነቀኑ በፋይል ይቀመጥና ያው መዝሙር በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ይነበብ።